ከባንድ ወደ ባንድ፤ የሙዚቀኛ የሥራ ዘመንና ለሙያተኛ የሚሰጠው ትምህርት

(በአምቦ ከተማ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ሙዚቀኞች ሲነገር «ምን አገናኛቸው?» የሚል ጥያቄ በብዙ አድማጭ ልብ ውስጥ መመላለሱ አይቀርም። ይሁን እንጂ አንድ መሐንዲስ ከአንድ መሥሪያ ቤት ለቆ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚሆነውን ነገር ማስታወስ ይበቃል። የሠራው ድልድይ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይጠራል፤ የለካበት መሣሪያ ለግምጃ ቤት ይመለሳል፤ የነደፈው ንድፍ በመዝገብ ቤት ይቀራል። አብሮት የሚሄደው በእጁና በአእምሮው ያለው ሙያ ብቻ ነው። ይህ ሁኔታ ከማንኛውም ሙያ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን በባንድ ውስጥ በሚጫወት ሙዚቀኛ የሥራ ዘመን ነው። ስለዚህም የዛሬው ንግግር ዓላማ ኢትዮጵያውያን የባንድ ሙዚቀኞች ከአንዱ ባንድ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ያሳለፉትን ዘመን በመመልከት፣ ከሙያተኛው ጋር የሚሄደውንና ከኋላው የሚቀረውን ለይቶ ማሳየት ነው።

ምሳሌ ለመፈለግ ከዚህ አካባቢ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ወሊሶ ዛሬ የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ትሁን እንጂ፣ ቀደም ሲል ከአምቦ ጋር በአንድ የምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ትቆጠር ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አምቦ «ሀገረ ሕይወት»፣ ወሊሶም «ግዮን» ትባል እንደ ነበር ታላላቆች ያስታውሳሉ። ስሞቹ ተለወጡ፤ ኋላም ተመለሱ። የሁለቱም ከተሞች ፍል ውኃ ግን በስም መለወጥ ምክንያት መፍለቁን አላቋረጠም። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ለዛሬው ጉዳይ መነሻ ይሆናል።

ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ወሊሶ ተወሰደና በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማረ። የቤተሰቡ ምኞት በትምህርቱ እንዲገፋ ነበር፤ የልጁ ልብ ግን ወደ ዘፈን አዘነበለ። የሀገር ፍቅር ማኅበር የኪነ ጥበብ ሰዎች ወደ ወሊሶ መጥተው ትርኢት ባሳዩ ጊዜ ይህ ዝንባሌ ወደ ቁርጥ ሐሳብ ተለወጠ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን የአዲስ አበባ መንገድ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ በእግሩ ጀምሮ ቱሉ ቦሎ ላይ ተይዞ እንደ ተመለሰ፣ ከዚያም ዳግመኛ ተነሥቶ እንደ ሄደ በሕይወት ታሪኩ ይነገራል። በመጨረሻም በሀገር ፍቅር ተቀጠረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ፤ ቀጥሎም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠራ።

በዚህ የዝውውር ታሪክ ውስጥ አንድ መራራ ምዕራፍ አለ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ ጦር መሪዎች የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ባደረጉና ሙከራው በከሸፈ ጊዜ፣ ጥላሁን የዚሁ ክፍል ድምፃዊ በመሆኑ ለእስራት ተዳረገ። መሥሪያ ቤቱ ሲወድቅ የመሥሪያ ቤቱን ስም የተሸከመው ሰው አብሮ ወደቀ ማለት ነው። ዳሩ ግን ከእስራት ወጥቶ በሌላ መድረክ ሲቆም ድምፁ የክቡር ዘበኛ ንብረት አልነበረምና ተከትሎት ሄደ። በአምቦ አጠገብ በምትገኘው በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ይህንኑ ቴአትር ቤት ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለዓመታት በኪነ ጥበብ ኃላፊነት መርቶታል። የምዕራብ ሸዋ ልጆች በመድረክ ላይና ከመድረክ በስተጀርባ በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኙት በዚህ ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን እንደ መሐንዲስ ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። በአንድ ባንድ ውስጥ ሦስት ልዩ ልዩ ንብረቶች አሉ። አንደኛው መሣሪያው ነው፤ ይኸውም ከበሮው፣ ጊታሩ፣ ኦርጋኑ፣ ድምፅ ማጉያው። ሁለተኛው ስሙ ነው፤ ሕዝብ የሚያውቀው፣ ውል የሚፈረምበት፣ በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው። ሦስተኛው እጁ ነው፤ ማለትም በልምምድ የተገኘው ችሎታና ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው የተግባቡበት አጨዋወት። የባንዶች ታሪክ ሁሉ እነዚህ ሦስቱ በማን እጅ እንደ ነበሩ የሚያሳይ ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በመጀመሪያው ዘመን መሣሪያውም ስሙም የመንግሥት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት የነሐስ ሙዚቃን በቤተ መንግሥት አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ክፍሎች እየተጠናከሩ ሄዱ። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ ለብሶ በወር ደመወዝ የሚያድር ሠራተኛ ነበር። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መዛወሩም ከአንድ ሚኒስቴር ወደ ሌላው ከመዛወር ብዙ የሚለይ አልነበረም።

የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በይፋት ተወልዶ በመጀመሪያ ክራርና መሰንቆ ተለማመደ። በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። ጀግና በጦር ሜዳ የሚያሰማውን ሽለላ በሳክስፎን የመጫወት ስልቱ ግን በሦስቱም መሥሪያ ቤቶች የእርሱ ብቻ ሆኖ ኖረ። እጅግ የሚያስደንቀው በ70 ዓመት ዕድሜው ያደረገው ነው። ዘ ኤክስ ከሚባለው የሆላንድ የፓንክ ሮክ ባንድ ጋር ተባብሮ በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም አሳተመ። የብረት ድምፅ በሚያወጡ ጊታሮች መካከል የይፋቱ ሽለላ አልተዋጠም። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በሕይወት ኖሮ ይህን ሁሉ መድረክ በአንድ እጅ አዳርሷል።

ሁለተኛው ዘመን የክለብና የሆቴል ዘመን ነው። የመንግሥት ክፍሎች ሙዚቀኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ በምሽት ክበቦች መጫወት ለምደው ነበር። ማሕሙድ አሕመድ በአሪዞና ክበብ በተላላኪነት ሲሠራ ወደዚያ ይመጡ ከነበሩት የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ጋር የተዋወቀው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ምሽት ዘፋኝ በጎደለ ጊዜ እንዲዘፍን ጠይቆ ተፈቀደለት፤ በ1962 እ.ኤ.አ. የክፍሉ ባልደረባ ሆኖም እስከ 1974 ድረስ አገለገለ። በ1969 እ.ኤ.አ. ደግሞ አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት በማቋቋሙ፣ ሙዚቀኛው ያለ መንግሥት ክፍል ስም ራሱን ለሕዝብ የሚያሳውቅበት በር ተከፈተ።

በዚህ ዘመን የግል ባንዶች እንደ እንጉዳይ ፈሉ፤ አባሎቻቸውም ከአንዱ ወደ ሌላው ተሸጋገሩ። ሶል ኤኮስ ሲበተን ከእርሱ የቀሩት ሰዎች ለአይቤክስ ባንድ መሠረት ሆኑ። አይቤክስ በ1975 እ.ኤ.አ. ማሕሙድ አሕመድን በ«ኧረ መላ መላ» አጀበ። የአሥሩ ዓመት መጨረሻ ሲቃረብ ደግሞ ይኸው ባንድ በባስ ጊታሪስቱ በጆቫኒ ሪኮና በጊታሪስቱ በሰላም ስዩም ዙሪያ «ሮሃ ባንድ» ሆኖ ብቅ አለ። ከዳህላክ ባንድ የመጣው ኦርጋኒስት ዳዊት ይፍሩም ከሮሃ ጋር ሠራ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየቤቱና በየአውቶቡሱ ይሰሙ ከነበሩት ካሴቶች ውስጥ እጅግ ብዙዎቹን ያጀበው ይህ ባንድ ነው። ይሁን እንጂ በካሴቱ ሽፋን ላይ የሚታየው የዘፋኙ ፊት ነበር። በአምቦ ገበያ ካሴት የገዛ ሰው የባሱን መስመር በልቡ እያንጎራጎረ የባሲስቱን ስም ሳያውቅ ኖረ።

የሙዚቀኛው መለዋወጥ በድምፁ ላይ ምን ያመጣል? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች የጋራ ሀብት ናቸው፤ በየትኛውም ባንድ ቢገቡ አይለወጡም። የችክችካው ምትም እንዲሁ ነው። የሚለወጠው የጭነቱ አከፋፈል ነው። ከበሮ መቺው ምቱን ጥቂት ወደ ኋላ የሚጎትት ከሆነ ባሲስቱ ክፍተቱን ይሞላል፤ ባሲስቱ ቸኩሎ የሚሄድ ከሆነ ጊታሪስቱ ይቆጠባል። በአንድ ቋሚ ምትክ ሌላ ሲቆም የቀሩት ሁሉ የሚሸከሙት ክብደት እንደሚለወጥ ለመሐንዲስ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ አንድ ተጫዋች በሄደ ቁጥር ባንዱ እንደ ገና ይለማመዳል፤ ሄያጁም ያንን መግባባት በከፊል ይዞ ወደ አዲሱ ቤት ይገባል። የዚያ ዘመን ባንዶች በስም ልዩ ልዩ ሆነው በድምፅ ዘመዳሞች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ጠባይ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ሄቪ ሜታል ወደሚባለው ሙዚቃ ዞር ማለት ይቻላል። ስሙ «ከባድ ብረት» ማለት ነውና ለመሐንዲስ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ የተወለደውም በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ በበርሚንግሃም ነው። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ በብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ጫፍ ለራሱ ሠራ፤ ቀለል ያሉ ክሮችንም መረጠ፤ ኋላም ክሮቹን ከተለመደው መቃኛ ዝቅ አድርጎ ላላ አደረጋቸው። ለዚያ ሙዚቃ ከባድ ድምፅ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በባንዱ ረጅም ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያልተለየው እርሱ ብቻ ነው። ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሰናበት፣ ኤልፍና ሬይንቦ በተባሉ ባንዶች ያለፈው ሮኒ ጄምስ ዲዮ በቦታው ገባ፤ በ1982 ደግሞ እርሱም ወጥቶ በራሱ ስም ባንድ አቋቋመ። በአሜሪካም ዴቭ ማስቴን በ1983 ከሜታሊካ ሲባረር ሜጋዴዝ የተባለውን ባንድ መሠረተ።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት የደረሰው ግን በስሙ ምክንያት ነው። ኦዝቦርን በ2009 እ.ኤ.አ. «ብላክ ሳባዝ» የሚለው ስም የማን ነው ብሎ አዮሚን ከሰሰ፤ በተከታዩ ዓመት በስምምነት ጨረሱ። ሐምሌ 5 ቀን 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አራቱ መሥራቾች በትውልድ ከተማቸው ለመጨረሻ ጊዜ አብረው ተጫወቱ፤ ኦዝቦርንም ከ17 ቀናት በኋላ ዐረፈ። በዚያ አገር ስም እንደ ቤትና እንደ መሬት በሕግ የሚያሟግት ንብረት ነው። በኢትዮጵያ ባንዶች ግን ስሙ ብዙ ጊዜ ባለቤት አልነበረውም፤ ሰዎቹ ሲበተኑ አብሮ ጠፋ፤ አለዚያም ያነሣው ሰው ያዘው።

ከዚህ ጋር የዋልያስ ባንድን ታሪክ ማስተያየት ተገቢ ነው። ዋልያስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ከቬነስ ክበብ ተነሥቶ በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነው። ኦርጋኒስቱ ኃይሉ መርጊያ በ1946 እ.ኤ.አ. በሸዋ በደብረ ብርሃን ተወልዶ ገና በልጅነቱ በጦር ሠራዊት ሙዚቃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት እንግዶች ከንጋት በፊት ወደ ቤት መመለስ ስለማይችሉ ባንዱ እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር «ጨ በለው» የተባለውን አልበም ቀረፀ፤ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚህ አልበም ላይ ነው። በተከታዩም ዓመት ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠራ። በአንድ ባንድ አባል ሆኖ ከሌላው ጋር መቅረፅ በዚያ ዘመን እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር።

በ1981 እ.ኤ.አ. ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ይህን በማድረግም ከዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንዶች የመጀመሪያው ሆነ። ጉዞው ሲያበቃ ግን ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ የቀሩት አባላት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ዋልያስ እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም። ዋሽንግተን ከቀሩት መካከል ዙላ የተባለ ባንድ ተቋቋመ፤ ይኸውም ከጊዜ በኋላ ተበተነ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረፀ፤ አምስትና ስድስት ሰው ይሠራው የነበረውን አንድ ሰው ሠራው። ከዚያም በዋሽንግተን የታክሲ ነጂ ሆነ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ግርማ በየነም ብዙ ዘፈኖችን ያቀናበረ ሰው ሆኖ ሳለ በነዳጅ ማደያ ተቀጥሮ ሠራ።

ይህን የሰማ ሁሉ «አለቀላቸው» ሊል ይችል ነበር። ነገር ግን ያ የ1985 ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ ገና ታትሞ በዓለም ተሰራጨ፤ ኃይሉ መርጊያ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ግርማ በየነም ከፈረንሳዩ ባንድ ከአካሌ ውቤ ጋር በ2017 አልበም አሳተመ። መሣሪያው ተሽጦ፣ ስሙ ጠፍቶ፣ ባንዱ ተበትኖ እጁ ግን በታክሲ ውስጥ ተጠብቆ ቆየ። ተጠብቆ የቆየውም በአጋጣሚ ሳይሆን በየቀኑ በተደረገ ልምምድ ነው። ለሙያተኛ ከዚህ የበለጠ ትምህርት መስጠት የሚችል ታሪክ ጥቂት ነው።

ሆኖም ይህ መልካም ፍጻሜ የሁሉም ዕድል አልነበረም። በየአውራጃውና በየቀበሌው በደርግ ዘመን የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ለብዙ ወጣት የመጀመሪያ መድረክ ነበሩ። በጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ በአምቦም ሆነ በወሊሶ የተሰለፉት ወጣቶች ስማቸው በቡድኑ ስም ተሸፍኖ ኖረ። ቡድኖቹ ሲፈርሱ የነበራቸውን ችሎታ የሚመሰክር አንድ ወረቀት እንኳ በእጃቸው ያልቀረ ብዙዎች ናቸው። ኪቦርድና ኮምፒውተር የባንዱን ሥራ በአንድ አቀናባሪ እጅ ባስገቡ ጊዜም የነሐስ መሣሪያ ተጫዋቾች ሥራ እየሳሳ ሄደ።

በአዲሱ ዘመን የአንድ ድምፃዊ ሕይወት የባንዶች ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የአልበሞች ታሪክ ሆኗል። በ1986 እ.ኤ.አ. በአምቦ የተወለደው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከአምቦ እስር ቤት ቆይታው በኋላ በ2009 የመጀመሪያውን፣ በ2013 ሁለተኛውን አልበም አወጣ፤ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ። ሕዝብ የሚያስታውሰው የእርሱን ስም እንጂ የአንድ ባንድን ስም አይደለም። በሌላ በኩል ጃኖ ባንድ የሮክን ከባድ ጊታር ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አዋሕዶ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ «ኤርታሌ» በተባለው አልበም ብቅ ሲል፣ በባንድ ስም መጠራት እንደ ገና ክብር ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ ምንድን ነው? ሙያተኛ ከቤት ወደ ቤት መዘዋወሩ በራሱ ጉዳት አይደለም። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ያደገው ሰዎች ከክቡር ዘበኛ ወደ ቴአትር ቤት፣ ከሶል ኤኮስ ወደ አይቤክስ፣ ከዳህላክ ወደ ሮሃ በመሄዳቸው ነው። ሁሉም በገቡበት ቤት ቢቀሩ ኖሮ አንዱ የተማረውን ሌላው ባላወቀ ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው ሥራው ሲመዘገብ የሠሪው ስም ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት እንዳለው ደንግጓል። ነገር ግን በሽፋኑ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ባሲስት ይህን መብት በምን ማስረጃ ይጠይቃል?

ይኸው ጥያቄ በዚህ አዳራሽ ለተቀመጡትም ይመለሳል። የመንገዱ መጋጠሚያ ሲመረቅ በድንጋዩ ላይ የመራቂው ባለ ሥልጣን ስም ይቀረጻል፤ አፈሩን የመረመረው፣ ንድፉን ያሰላው፣ በዝናብ ቆሞ ሲሚንቶውን ያስፈሰሰው ቴክኒሻን ስም ግን በማንኛውም ሰነድ አይገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል የሚመራውን ሥራ ሲያስረክብ የሠሩትን ሰዎች ሁሉ ስም ከነሥራ ድርሻቸው ከማስረከቢያው ሰነድ ጋር ቢያያይዝ፣ ማኅበሩም ይህን መዝገብ ቢጠብቅ፣ ወጪው ከአንድ ገጽ ወረቀት አይበልጥም። ዛሬ በአንድ ድርጅት ያለ ወጣት ቴክኒሻን ነገ ድርጅቱ ቢፈርስ ሙያውን ብቻ ሳይሆን ምስክሩንም ይዞ ወደ ሌላው ቤት ይገባል።

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀጠረባቸው መሥሪያ ቤቶች አንዳንዶቹ ስማቸው ተለውጦ፣ አንዳንዶቹም ፈርሰው ነበር። ከወሊሶ በእግሩ የወጣው ልጅ ስም ግን በሕዝብ ልብ ተጽፎ ቀረ። ከኋላው የቆሙት ከበሮ መቺዎችና መለከት ነፊዎች ይህን ዕድል አላገኙም፤ ቢያንስ በወረቀት ላይ መጻፍ ይገባቸዋል። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው» የሚለው የአበው ቃል እውነት የሚሆነው ሠሪው ማን እንደ ሆነ ሲታወቅ ነውና።